ብቻውን ለሚያድን ሰው፦ በብሔራዊ ደን ውስጥ የአጋዘን ማደኛ ቦታ እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ ጀማሪው

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ሲሆን የአዳኞች ደኅንነት ትምህርት ወስጄ የምስክር ወረቀቴን ተቀብያለሁ። የእርሻ መሬት ያለው ዘመድም ወዳጅም ስለሌለኝ፣ በመጪው ኖቬምበር የማድነው ለሕዝብ ክፍት በሆነ መሬት ላይ ብቻ ነው፤ የመረጥኩትም ከሼናንዶዋ ሸለቆ በስተምዕራብ የሚገኘውን የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ክፍል ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር እየሄድኩ በተጠረጉት የእግር መንገዶች ብዙ ተዘዋውሬአለሁ። የገረመኝ ነገር፣ በምኖርበት ሰፈር ምሽት ላይ በየጓሮው አበባ ሲቀነጥሱ የሚታዩት አጋዘኖች በዚያ ሁሉ ደን ውስጥ ሲፈለጉ አለመገኘታቸው ነው። አልፎ አልፎ ዱካ አያለሁ፤ እንስሳውን ራሱን ግን ያየሁት በመኪና መንገድ ዳር ብቻ ነው።

አንድ ሰው እንዲህ ባለ ሰፊ ደን ውስጥ ቦታ የሚመርጠው በምን ምልክት ነው? ልምድ ያላቸው ሰዎች ሁሉ «ከመንገድ ራቅ ብለህ ሌላው ሰው የማይደርስበት ግባ» ይሉኛል፤ ነገር ግን የማድነው ብቻዬን ስለሆነ፣ ሁለትና ሦስት ማይል ዘልቄ ከገባሁ በኋላ የጣልኩትን እንስሳ እንዴት አድርጌ እንደማወጣው አልታየኝም። ከዚህም ሌላ ዜግነት ገና ያልወሰድኩ፣ ግሪን ካርድ ያለኝ ቋሚ ነዋሪ ነኝና ስለ ጠመንጃውና ስለ ፈቃዱ ልብ ልለው የሚገባኝ ነገር ካለ ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ሸንተረር

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጡ። ያስገረመዎት ነገር ምክንያት አለው። አጋዘን የደን እንስሳ ነው ቢባልም ኑሮው በእውነቱ በደንና በገላጣ መሬት መገናኛ ላይ ነው፤ የሚበላው ቅጠልና ቀንበጥ አንገቱ በሚደርስበት ከፍታ ላይ መገኘት አለበት። ያረጀና ቅርንጫፉ እርስ በርሱ የተገጣጠመ ደን ፀሐይ ወደ መሬት ስለማያሳልፍ፣ ከሥሩ የሚበቅለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በምዕራብ ቨርጂኒያ ያለው ብሔራዊ ደን አብዛኛው እንዲህ ያለ ስለሆነ፣ በውስጡ የሚኖረው የአጋዘን ብዛት በሸለቆው የግል እርሻዎች ላይ ካለው በእጅጉ ያነሰ ነው። የጆርጅ ዋሽንግተንና የጄፈርሰን ብሔራዊ ደን በአንድነት 1.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል ስፋት አላቸው፤ ስለዚህ ገና እቤትዎ ሳሉ የዚህን ስፋት አብዛኛውን ከካርታው ላይ መሰረዝ ይኖርብዎታል።

ከተሰረዘው የሚተርፉት ቦታዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት እንጨት የተቆረጠባቸው፣ ደኑን የሚያስተዳድረው የፌዴራል የደን አገልግሎት በታቀደ እሳት ያቃጠላቸው፣ ወይም ዐውሎ ነፋስ ዛፎቹን የጣለባቸው ወጣት ጥሻዎች ናቸው። በሳተላይት ምስል ላይ ቀለማቸው ከዙሪያቸው ስለሚለይ ለማወቅ አያስቸግሩም። በአጠገባቸው የኦክ ዛፍ ካለ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። የነጭ ኦክ ፍሬ ምሬቱ አነስተኛ ስለሆነ አጋዘኑ መጀመሪያ የሚሽቀዳደመው ወደ እርሱ ነው፤ የቀይ ኦክ ፍሬ ቢመርም እስከ ጸደይ ሳይበቅል ስለሚቆይ፣ ነጩ ካለቀ በኋላ በኖቬምበር መጨረሻና በዲሴምበር ተፈላጊ ይሆናል። ኦክ ግን በየዓመቱ እኩል አያፈራም። አምና ብዙ አጋዘን የታየበት ሸንተረር ዘንድሮ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከአደኑ ጥቂት ቀናት በፊት ሄደው መሬቱን ማየት የግድ ነው። ቅጠሉን በእግርዎ ገለጥ ሲያደርጉ የተፈረካከሰ የፍሬ ቅርፊት፣ በአጠገቡም እርጥብና የሚያብረቀርቅ በጠጥ ካገኙ፣ እንስሳው እዚያ የበላው በዚያው ሳምንት ነው። ደርቆ የነጣ በጠጥ ያለፈ ታሪክ ስለሆነ ጊዜዎን አይስጡት።

የመሬቱን ቅርጽም አይርሱ። አጋዘን ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ሲሻገር ሸንተረሩ ዝቅ ብሎ ኮርቻ በሚሠራበት ቦታ ማለፍን ይወዳል፤ በገደላማ ተረተር ላይ ሲሄድም ተረተሩን አቋርጦ እንደ እርከን የተዘረጋውን ጠባብ ጠለል መሬት ይከተላል። በኖቬምበር አጋማሽ አካባቢ፣ የመራቢያ ወቅቱ በሚጋጋልበት ጊዜ፣ ወንዱ ሴቷን እየፈለገ በነዚህ መተላለፊያዎች በቀትርም ሳይቀር ይመላለሳል። ቀንዱን ያሻሸበት የተላጠ ግንድና ከተንጠለጠለ ቅርንጫፍ በታች በሰኮናው የጫረው መሬት በአንድ መስመር ተደርድረው ካዩ መንገዱን አገኙት ማለት ነው።

አሁን ወደ ርቀቱ ልምጣ፤ በእኔ አስተያየት ጥያቄው የሚፈታው ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ ኋላ በማሰብ ነው። እኔ ቦታ የምመርጠው ከሥጋው ተነሥቼ ነው። ሆድ ዕቃው ወጥቶ 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን አጋዘን ከአጥንት የተለየ ሥጋው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህን ከጠመንጃው፣ ከውኃውና ከልብሱ ጋር በአንድ ጊዜ መሸከም ለጠንካራ ሰው ይቻላል፤ ለብዙ ሰው ግን ሁለት ምልልስ ነው፤ ሁለት ምልልስ ማለት ደግሞ የአንድ ማይል ርቀት ሦስት ማይል ሆነ ማለት ነው፤ ያውም በጨለማ፣ በድንጋይና በወደቀ ዛፍ መካከል። ስለዚህ መኪናዎን ከሸለቆው በታች አቁመው ወደ ላይ ወጥተው ያድኑ እንጂ፣ በሸንተረር አናት ከሚያልፍ መንገድ ወደ ታች ወርደው አያድኑ። ጠዋት ባዶ እጅዎን ሲወጡ ይደክምዎታል፤ ማታ ግን ሸክሙ ቁልቁል ይወርዳል። ሰዎች ይህን የሚገለብጡት መውረዱ ስለሚቀልላቸው ነው፤ ዋጋውን የሚያውቁት ግን 25 ኪሎ ተሸክመው ሽቅብ ሲመለከቱ ነው።

ከታች መነሣት በነፋስም በኩል ይጠቅማል። ጎህ ከመቅደዱ በፊት በተራራ ላይ የቀዘቀዘው አየር ቁልቁል ስለሚፈስ፣ እርስዎ በጨለማ ሲወጡ ጠረንዎ ከኋላዎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል እንጂ ከፊትዎ ወዳለው እንስሳ አይደርስም። ፀሐይ ተረተሩን ካሞቀች በኋላ አየሩ ተገልብጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ እርስዎ ከላይ ተቀምጠዋል፤ አጋዘኑ ከታች ነው፤ ጠረንዎም ወደ ሰማይ ይሄዳል። ምሽት ላይ እንደገና ስለሚገለበጥ ማታ እላይ መቀመጥ አይመከርም። ትንሽ የሕፃናት ፓውደር በኪስዎ ይያዙና በየጊዜው በተን እያደረጉ ይመልከቱ፤ የአየር ትንበያው የሚነግርዎት የሸለቆውን ነፋስ እንጂ እርስዎ የተቀመጡበትን ጉድባ አይደለም።

መልስ፦ ቀስተኛው

ከሸንተረር ጋር ስለ ሥጋው ሸክም ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ስለ ተራራው ነፋስም የተሻለ ማብራሪያ አላነበብኩም። ነገር ግን ጠያቂው የሰሙት «ራቅ ብለህ ግባ» የሚለው ምክር ራሱ መፈተሽ ያለበት ይመስለኛል። ይህ ምክር ለብዙ ዓመታት ሲነገር ስለኖረ ዛሬ አቅም ያለው አዳኝ ሁሉ በካርታው ላይ ከመንገድ በጣም የራቀችውን ነጥብ ፈልጎ ወደ እርሷ ይሄዳል፤ በጠመንጃው ወቅት የመጀመሪያ ቅዳሜ እዚያች ነጥብ ላይ ሦስት ብርቱካናማ ኮፍያ ማየት የተለመደ ነው። አጋዘን ርቀትን አይለካም፤ የሚለካው የሰው እግር የሚበዛበትንና የማይበዛበትን ነው።

ሰው የማይረግጠው ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመንገድ ቅርብ ነው። በመንገዱና በወንዙ መካከል ያለች መቶ ያርድ የማትሞላ የጥሻ ቁራጭ፣ ለማቋረጥ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጫማ የሚያስፈልጋት የወንዝ ማዶ፣ ሁሉም በመኪና እያለፈ የማያያት ከመንገዱ ሥር ያለች ቀጥ ያለች ገደል፣ ከድንኳን መትከያ ቦታ ጀርባ ያለ የላውረል ጥሻ፦ እነዚህን ፈትሹ። የላውረል ጥሻ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ ስለማይረግፍ፣ ተኩስ ሲበዛ አጋዘን የሚሸሸገው በእርሱ ውስጥ ነው። ጥሻው ውስጥ ገብቶ ማደን ከንቱ ድካም ነው፤ ከዳሩ ላይ፣ ነፋሱን በፊትዎ አድርገው፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን መሹለኪያ እያዩ አድፍጠው ይቀመጡ።

ሌሎቹን አዳኞች መጥላት ቀላል ነው፤ መጠቀም ግን ይሻላል። ከአደኑ በፊት ባሉት ሳምንታት የማቆሚያ ቦታዎቹን እየዞሩ መኪና የሚበዛበትን ይመዝግቡ። ያ ሁሉ ሰው ጎህ ሲቀድ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ተራራው ሲወጣ አጋዘኑን ከፊቱ እየገፋ ነው፤ እርስዎ ከርሱ ቀድመው አጋዘኑ በሚያመልጥበት ኮርቻ ላይ ከተቀመጡ፣ የሌላው ሰው እግር ለእርስዎ ይሠራል። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ አይነሡ። ብዙ ሰው ብርዱና ረኀቡ ሲጠናበት በዚያ ሰዓት ወደ መኪናው ስለሚመለስ፣ ተኝቶ የነበረውን አጋዘን የሚያስነሣው እርሱ ነው።

አዳኝ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ስለሚጠብቅበት ማማም አንድ ነገር ልጨምር። በብሔራዊ ደን ውስጥ ተንቀሳቃሽ የዛፍ ማማ መጠቀም ይቻላል፤ ቋሚ ማማ መሥራት፣ በዛፉም ላይ ምስማር ወይም ብሎን መምታት ግን የተከለከለ ነው። ከዛፍ ማማ ላይ መውደቅ በአዳኞች ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ዋነኛው ስለሆነ፣ መታጠቂያውን ከመሬት ሲነሡ ጀምሮ እስኪወርዱ ድረስ ከዛፉ ጋር ያያይዙ፤ ጠመንጃዎን ወይም ቀስትዎን ደግሞ ጥይት ወይም ፍላጻ ሳይኖርበት በገመድ ይሳቡት። ብቻውን ለሚያድን ጀማሪ ግን ምክሬ በዚህ ዓመት ማማ አይያዙ የሚል ነው። ጀርባዎን ለሰፊ ግንድ ሰጥተው መሬት ላይ መቀመጥ ይበቃል፤ የማማውም ክብደት እንደ ሥጋው በትከሻዎ ላይ የሚቆጠር ነው።

ጀማሪው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሁለታችሁ ምክር መካከል ያለውን ልዩነት ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ በካርታው ላይ አንዲት ቦታ አግኝቻለሁ፤ ከሸለቆው መንገድ ግማሽ ማይል ያህል ወደ ላይ ስትሆን፣ ከመንገዱ ወዲያ ወንዝ ስላለ ሰው የሚሻገር አይመስልም። ይሁንና በአንድ ጎኗ የግል እርሻ ያዋስናታል። የመታሁት አጋዘን አጥሩን አልፎ ቢወድቅ ምን ማድረግ ይኖርብኛል? ስለ ግሪን ካርዱም የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ።

መልስ፦ ድንበርተኛው

በጥያቄዎ ቅደም ተከተል ልሂድ። የግል መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ለአደን መግባት ወንጀል ነው፤ የቆሰለ እንስሳ ተከትለው መግባትዎም ይህን አይለውጠውም። ጠመንጃዎን ይዘው አጥሩን ከመሻገርዎ በፊት ባለመሬቱን ማስፈቀድ አለብዎት። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ዛሬ፣ አደኑ ሳይጀመር፣ የቤቱን በር አንኳኩተው ራስዎን ማስተዋወቅ ነው፦ «ከአጥርዎ ወዲያ ባለው ብሔራዊ ደን ላይ ላድን አስቤአለሁ፤ ምናልባት የመታሁት እንስሳ ወደ እርስዎ ቢያልፍ በየትኛው ስልክ ልደውልልዎት?» ብለው መጠየቅ ነው። እንዲህ የተጠየቀ ገበሬ እምቢ ሲል እምብዛም አላየሁም። ባለመሬቱ ከከለከለ ግን የስቴቱን የዱር እንስሳት ጥበቃ ፖሊስ መጥራት እንጂ ሌላ አማራጭ የለም። ለዚህም ነው ከድንበሩ ሁለት መቶ ያርድ ያህል ገባ ብሎ መቀመጥ የሚሻለው፤ ሳምባው የተመታ አጋዘን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ርቀት በፊት ይወድቃል።

ድንበሩን ራሱን በጂፒኤስ ካርታ ይወቁ፤ ካርታውንም አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ በሸለቆዎቹ ውስጥ ኔትወርክ አይገኝምና። የስልኩ ነጥብ ጥቂት ሜትሮች ሊስት ስለሚችል፣ በዛፎቹ ላይ ያለውን የድንበር ቀለምና ሰሌዳም ይመልከቱ። ወደ ሌላ ስቴት ሲሄዱ የቀለሙ ትርጉም ይለያያል፤ በሜሪላንድ ሰማያዊ፣ በሚዙሪና በቴክሳስ ሐምራዊ ቀለም «አትግባ» ማለት ነው። ወደ ምዕራብ ስቴቶች የሚሄድ ሰው ደግሞ የሕዝብና የግል መሬት እንደ ዳማ ሰሌዳ የተፈራረቁበት አገር ያጋጥመዋል። በዋዮሚንግ የግል መሬቱን ሳይረግጡ ከአንዱ የሕዝብ መሬት ማዕዘን ወደ ሌላው የተሻገሩ አዳኞች የተከሰሱበት ጉዳይ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ፣ አሥረኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2025 ለአዳኞቹ ፈርዷል። ለእርስዎ ተራራ የሚያገለግል ነገር አይደለም፤ ግን ሕዝብ የኔ የሚለውን መሬት ለመድረስ ምን ያህል ሙግት እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ቋሚ ነዋሪነትን በተመለከተ፣ በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ ሁሉ ጠመንጃ መግዛትና መያዝ ይችላል። ሲገዙ በሻጩ ፊት 4473 የተባለውን የፌዴራል ቅጽ ይሞላሉ፤ የነዋሪነት ቁጥርዎንም በዚያው ይጽፋሉ። በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖር ሰው ግን በመሠረቱ የተከለከለ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከሚገኝ ስቴት በሕግ የተሰጠ የአደን ፈቃድ ካለው ሕጉ ልዩ ሁኔታ ያደርግለታል። ይህን የምጽፈው ሌሎችም ስለሚያነቡት ነው። ቅጹን የሚሞላው ጠመንጃውን ለራሱ የሚገዛው ሰው ብቻ መሆን አለበት፤ «እኔ ልግዛልህ፣ ኋላ ገንዘቡን ትሰጠኛለህ» የሚለው የወዳጅ ቸርነት በፌዴራል ደረጃ ከባድ ወንጀል ነው። ከቤትዎ ተነሥተው በዋሽንግተን ዲሲ ወይም በሜሪላንድ በኩል የሚያልፉ ከሆነም ጠመንጃው ጥይት የሌለበትና ተቆልፎ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የተቀመጠ ይሁን።

በቨርጂኒያ ለዚህ አደን መሠረታዊው የአደን ፈቃድ፣ የአጋዘንና የተርኪ ወፍ ፈቃድ፣ እንዲሁም የብሔራዊ ደን ፈቃድ በአንድነት ያስፈልጉዎታል፤ በቀስት ወይም በአፈሙዝ በሚጎረስ ጠመንጃ ማደን ከፈለጉ ደግሞ ተጨማሪ አለ። መሬቱ የፌዴራል ቢሆንም የአደኑን ወቅት የሚወስነው ስቴቱ ነው። ብሔራዊ ፓርክና ብሔራዊ ደን ግን አንድ አይደሉም፤ ከሸለቆው በስተምሥራቅ ባለው የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። ጀማሪዎችን በጣም የሚያሳስታቸው የሴት አጋዘን ቀን ነው። በደንቡ መጽሐፍ ውስጥ አንድ አውራጃ ለግል መሬት አንድ መስመር፣ ለብሔራዊ ደን ደግሞ ሌላ መስመር ሊኖረው ይችላል፤ በግል መሬት ላይ ሴት መምታት የሚፈቀድበት ቀን በደኑ ውስጥ የማይፈቀድበት ሊሆን ይችላልና፣ የሚያነቡት የየትኛውን መስመር እንደሆነ ደግመው ያረጋግጡ።

የቀረውን በአጭሩ ልጥቀስ። መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ለአጋዘን የሚያገለግል ጠመንጃ ካሊበሩ ከ0.23 ኢንች ማነስ ስለሌለበት፣ በየሱቁ የሚገኘው .223 በዚህ ስቴት ለአጋዘን አይሆንም። በጠመንጃው ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ ግዴታ ነው፤ አጋዘን እነዚህን ቀለሞች እንደ ሰው ለይቶ ስለማያያቸው የሚጎዳዎት ነገር የለም። ይልቅ ሰማያዊን በደንብ ያያል፤ ልብስን የሚያነጣ ሳሙና ደግሞ በዓይኑ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ስለሚሰጥ የአደን ልብስዎን በእርሱ አይጠቡ። መኖ አፍስሶ በላዩ ማደን ክልክል ነው። ጥይት ሲገዙም የ1937ቱ የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ለዚሁ ሥራ በመደበው 11 በመቶ የፌዴራል ታክስ አማካይነት የዱር እንስሳት ጥበቃውን እየደጎሙ ነው፤ ያለ አደን ሕግና ያለ ገንዘብ የዚህ እንስሳ ቁጥር በ1900 አካባቢ በመላው አገሪቱ ወደ ግማሽ ሚሊዮንና ከዚያም በታች ወርዶ ነበር፤ ዛሬ 30 ሚሊዮን ያህል ይገመታል።

መልስ፦ የኦገስታ ነዋሪ

ወንድሞቼ ሁሉን በሚገባ ጽፈውታል፤ እኔ ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ባለው ሰዓት ላይ ብቻ ላተኩር፤ በሕዝብ መሬት ላይ ብቻውን የሚያድን ሰው ብዙ የሚደክመው ከዚያ ወዲህ ነውና።

አጋዘኑ በጎኑ ሲቆም ዓላማዎ ከፊት እግሩ ጀርባ ተጠግቶ፣ ከደረቱ ግርጌ አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ያለው ቦታ ይሁን፤ ልብና ሳምባው በዚያ ናቸው። ተኩሰው እንደሮጠ ወዲያው አይነሡ። መጨረሻ ያዩበትን ዛፍ በዓይንዎ ምልክት ያድርጉና ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ በቆመበት ቦታ ላይ ያለውን ደም ዝቅ ብለው ይመርምሩት። ደማቅና ትናንሽ አረፋ ያለበት ከሆነ ሳምባው ተመቷል፤ ቅርብ ነው። ጥቁር ቀይ ከሆነ ጉበት ሊሆን ስለሚችል ሁለት ሦስት ሰዓት ይጨምሩ። አረንጓዴ የተቀላቀለበትና የሚከረፋ ከሆነ ጨጓራው ወይም አንጀቱ ተመቷልና፣ ብርዱ ከፈቀደ ግማሽ ቀን ያህል መተው ይሻላል፤ ሳይቸኩሉ የተዉት እንስሳ በአቅራቢያው ባለ ጥሻ ውስጥ ተኝቶ ይሞታል፤ ያሳደዱት ግን ተራራውን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፣ ምናልባትም ያን አጥር። ደሙን በሚከተሉበት ጊዜ ከዱካው በላይ አይርገጡ፤ በጎን በጎኑ እየሄዱ በመጨረሻው ጠብታ ላይ ነጭ ወረቀት ያስቀምጡ። ደሙ ቢጠፋብዎት ወደ ኋላ ዞረው ወረቀቶቹ የሠሩትን መስመር ያያሉ።

ሲያገኙት፣ ከቦታው ሳያንቀሳቅሱት ታግዎን፣ ማለትም ከፈቃዱ ጋር ያገኙትን የአጋዘን መለያ፣ ያጽድቁ፤ ስልክ ከሠራም እዚያው ለስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ያድርጉ። ለማውጣት ሲባል እንስሳውን መከፋፈል ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ሪፖርት እስኪደረግ ድረስ ክፍሎቹ ሁሉ አብረው መገኘት፣ ጾታውም ተለይቶ መታወቅ አለበት።

ግማሽ ማይል ቁልቁል መጎተት ይቻላል፤ እኔ ግን ሆዱን ሳልከፍት ብልት በብልት ማውጣትን እመርጣለሁ። በጎኑ ያስተኙትና ከማጅራቱ እስከ ጭራው ድረስ በጀርባው አጥንት ላይ ቆዳውን ይሰንጥቁ፤ ከዚያ ወደ ሆዱ በኩል እየገፈፉ እንደ ምንጣፍ ይዘርጉት፤ ሥጋው ቅጠልና አፈር እንዳይነካው ይጠቅማል። ወርቹ ከጎድኑ ጋር በአጥንት መጋጠሚያ የተያያዘ ስላልሆነ፣ ከፍ አድርገው ይዘው ከሥሩ ቢላዋውን ሲያስኬዱ ያለ ትግል ይለያል። የኋላ እግሩን ግን ከዳሌው ሥር ያለችውን ክብ መጋጠሚያ ፈልገው ጅማቷን መቁረጥ ያስፈልጋል፤ እግሩን ወደ ውጭ ሲያጎብጡት ራሷ ብቅ ትላለች። ሽንጡ በጀርባው አጥንት ግራና ቀኝ እንደ ገመድ ተጋድሟል፤ ቢላዋዎ አጥንቱን እየዳሰሰ ይሂድ። በመጨረሻ ከጎድኑ ጀርባ በኩል ትንሽ ከፍተው፣ እጅዎን አስገብተው ፊሌቶውን ያውጡ። ከዚያ ገልብጦ ሌላውን ጎን መድገም ነው። ሥጋውን አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ያድርጉ እንጂ በፕላስቲክ አያፍኑት፤ ሙቀቱ ካልወጣ በብርድ ቀንም ይበላሻል። ጥይትዎ የእርሳስ ከሆነ ከቁስሉ ዙሪያ ሰፋ አድርገው ቆርጠው ይጣሉ፤ ዓይን የማያያቸው ስባሪዎች ራቅ ብለው ይበተናሉ። የመዳብ ጥይት ይህን ጣጣ ያቀልላል።

መዥገርን አደራ። ኖቬምበር ነው ብለው አይዘናጉ፤ ሞቅ ባለ ቀን ትንቀሳቀሳለች። ልብስዎን አስቀድመው ፐርሜትሪን በተባለው የነፍሳት መድኃኒት ይርጩ፤ ቤት ሲገቡም ገላዎን ይፈትሹ። የላይም በሽታን ሁሉም ሰምቷል፤ ከዚያ የባሰው ለአዳኝ፣ ሎን ስታር የተባለችው መዥገር ስትነክስ በአንዳንድ ሰው ላይ የምታስከትለው የቀይ ሥጋ አለርጂ ነው፤ ያ ሁሉ ድካም ከሆነ በኋላ ፍሪጅ ሙሉ ሥጋ ይዞ መብላት አለመቻል ማለት ነው።

በመጨረሻ ስለ ሲ ደብሊው ዲ፣ አጋዘንን እያከሳ ስለሚገድለው በሽታ። መጀመሪያ የታወቀው በ1967 በኮሎራዶ ሲሆን፣ በቨርጂኒያ በፍሬዴሪክ አውራጃ ከተገኘ ከ2009 ጀምሮ ወደ ሌሎች አውራጃዎችም ተዛምቷል። መነሻው ፕሪዮን የተባለ የተበላሸ ፕሮቲን ስለሆነ በማብሰል አይጠፋም፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። እስካሁን ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል በሽታው ካለበት አካባቢ የተገደለ አጋዘን እንዲመረመርና፣ ከተገኘበትም ሥጋው እንዳይበላ ይመክራል። የሚያድኑበት አውራጃ በበሽታ መቆጣጠሪያ ክልል ውስጥ ከሆነ ጭንቅላቱንና የጀርባ አጥንቱን ይዘው ወደ ቤትዎ መሄድ ሊከለከሉ ይችላሉ፤ እኔ የጻፍኩት የአከፋፈል ዘዴ ሁለቱንም እዚያው ስለሚያስቀር ይህን ችግር ያቃልላል። ለምርመራ ግን ጭንቅላቱን ከአንገቱ ጥቂት ጋር ቆርጠው በስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት መቀበያ ማቀዝቀዣ ያስረክቡ፤ የትኞቹ ቦታዎች እንዳሉ አስቀድመው ይወቁ። ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ በየጥቅሉ ላይ የታጉን ቁጥርና ቀኑን ጽፈው ከሌላ ሥጋ ለይተው በፍሪዘር ያቆዩት፤ ሥጋ አዘጋጅ ቤት የሚወስዱት ከሆነም ከሌሎች አዳኞች ሥጋ ጋር እንዳይቀላቅልብዎት ሲያስረክቡ ይንገሩት።